ካርል ላንድሽታይነርና የደም ፊደላት

መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢና ኦ ብሎ የደም ዓይነቶችን በሚጽፍበት ጊዜ ተማሪው ፊደላቱን እንደ መጠሪያ ስም ብቻ ተቀብሎ ያልፋቸዋል። ከፊደላቱ በስተኋላ ያለው ነገር የስኳር ዘር መሆኑ፣ ይኸውም ስኳር በሰው ደም ብቻ ሳይሆን በፈረስ ምራቅና በዐሣማ ጨጓራ ጭምር መገኘቱ እምብዛም አይነገርም። ስለዚህ ፊደላቱን ለዓለም የሰጠውን ሰው ሕይወት በአጭሩ ለመጻፍ ተነሣን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ካርል ላንድሽታይነር በኦስትሪያ አገር ጁን 14 ቀን 1868 ተወለደ። አባቱ ሌዎፖልድ ስመ ጥር ጋዜጠኛ ነበር፤ ዳሩ ግን ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው ስለ ሞተ፣ ያሳደገችው እናቱ ፋኒ ናት። እናቱን እጅግ ይወድ ስለ ነበር፣ በሞተች ጊዜ ከፊቷ የተቀረጸውን ምስል እስከ ዕለተ ሞቱ ከመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ አላወረደውም።

በ1891 ከቪየና ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። ነገር ግን በሽተኛ ወደ ማከም ፈጥኖ አልገባም፤ በጀርመንና በስዊስ አገር እየተዘዋወረ ኬሚስትሪን አጠና። ከመምህራኑ አንዱ የስኳርን አሠራር መርምሮ ያስረዳው ኤሚል ፊሸር ነበር። ላንድሽታይነር ከሌሎች ሐኪሞች ተለይቶ ደምን በኬሚስት ዐይን ለማየት የቻለው በዚህ ትምህርት ምክንያት ይመስለናል።

ወደ ቪየና ከተመለሰ በኋላ በዩኒቨርሲቲው የሬሳ ምርመራ ክፍል ለዐሥር ዓመት ያህል ሠራ፤ በዚያም ዘመን ከ3,000 በላይ ሬሳ መረመረ። በዚያን ጊዜ ለታመመ ሰው የሌላ ደም መስጠት እንደ ዕጣ የሚቈጠር ሥራ ነበር። በ1667 በፈረንሳይ የበግ ደም ለሰው እስከ መስጠት ተደርሶ ነበር፤ የሰው ደም ቢሰጥም እንኳ አንዱ ሲድን ሌላው ይሞታል፤ ምክንያቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። የአንዱ ሰው የደም ውሃ ከሌላው ቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ሲቀላቀል ሕዋሳቱ ተያይዘው እንደሚጓጐሉ የታየ ቢሆንም፣ ብዙዎች ይህን የበሽታ ምልክት አድርገው ይገምቱት ነበር። ላንድሽታይነር ከራሱና ከሥራ ባልደረቦቹ፣ ማለት ከጤነኞች፣ ደም ቀድቶ የእያንዳንዱን የደም ውሃ ከእያንዳንዱ ሕዋስ ጋር ቀላቀለ። ከዚህም ሦስት ወገኖች ተለዩ፤ በ1901 ባሳተመው ጽሑፍ ኤ፣ ቢና ሲ አላቸው፤ ሲ የተባለው በኋላ ኦ ተባለ። አራተኛውን፣ ኤቢን፣ በ1902 ዴካስቴሎና ሽቱርሊ አገኙት። ይህን ያህል ሕይወት የሚያድን ዕውቀት በተገኘ ጊዜ ብዙ አድማጭ አለማግኘቱ ያስደንቃል፤ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ1930 ነው።

ከ1914 እስከ 1918 ከተደረገው ጦርነት በኋላ ቪየና በረኀብና በብርድ ስለ ተጐዳች፣ በ1919 ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ ወደ ሆላንድ፣ ወደ ሔግ ከተማ ሄደ። በዚያም በአንድ ሆስፒታል የደምና የሽንት ምርመራ እየሠራ ኖረ። ሆኖም በዚያች ጠባብ ክፍል ሳለ ታላቅ ሐሳብ አፈለቀ። ፎርስማን የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1911 ባሳየው መሠረት፣ የአንዳንድ እንስሳት ሥጋ ጥንቸልን ከተወጋች፣ ጥንቸሏ የበግን ቀይ ሕዋስ የሚያፈርስ ፀረ አካል ታወጣለች። ይህ አንቲጅን በፈረስ፣ በውሻና በድመት ሲገኝ፣ በጥንቸል አይገኝም፤ የዝምድናን መስመር ሳይጠብቅ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። ላንድሽታይነር ከፈረስ ኵላሊት በአልኮል የወጣው ክፍል ከፀረ አካሉ ጋር እንደሚገጥም፣ ብቻውን ግን ፀረ አካል እንደማያስነሣ አስረዳ፤ ይህን ዓይነቱን ነገር በ1921 ሃፕተን ብሎ ሰየመው።

ወደ ኒው ዮርክ ሮክፌለር ኢንስቲትዩት ከተጠራ በኋላ፣ በ1925 ከሚለር ጋር የቺምፓንዚና የኦራንጉታንን ደም መርምሮ የሰውን የመሰሉ ኤና ቢ እንዳላቸው አየ። የዛሬ ተመራማሪዎች ይህ ልዩነት ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከነበሩ የጋራ አባቶች የተወረሰ ነው ይላሉ። በ1930ዎቹም የኤን ንጥረ ነገር ከፈረስ ምራቅና ከዐሣማ ጨጓራ ለማጣራት ደከመ፤ ዳር ያደረሱት ግን ከእርሱ ሞት በኋላ በሎንዶን ሞርጋንና ዋትኪንስ ናቸው። በስኳሩ ሰንሰለት ጫፍ ኤ አሴቲል ጋላክቶዛሚን ሲኖረው፣ ቢ ጋላክቶዝ አለው፤ ኦ ሁለቱም የሉትም። በአራስ ሕፃን ሕዋስ ላይ እነዚህ ምልክቶች ገና ደካሞች ናቸው፤ ፀረ አካሉንም ሕፃኑ በራሱ የሚያወጣው ከወራት በኋላ ነው። በ1978 ደግሞ ስምንት ሕዋስ ብቻ ባለው የአይጥ ፅንስ ላይ ሌላ የስኳር ምልክት ብቅ ሲል ታይቷል። በ1940 ከዊነር ጋር ያስታወቀው አር ኤች ግን ፕሮቲን እንጂ ስኳር አይደለም፤ በክፍል ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል አይገባም።

ላንድሽታይነር ዝምተኛና ዝናን የሚሸሽ ሰው ነበር። ጁን 24 ቀን 1943 በቤተ ሙከራው ውስጥ መቅጃ ብርጭቆውን በእጁ እንደ ያዘ ልቡ ታመመ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ዐረፈ። ሲያርመው የቈየው መጽሐፉ በ1945 ታተመ።