አበበ ቢቂላ፦ ከድሉም ከሽንፈቱም እንማር

አበበ ቢቂላ ሲባል ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን ሮምና ባዶ እግሩ ነው። ክፍል ገብተን ስናስተምርም ይህንኑ እንናገርና እናልፋለን። ልጆቹም ጀግና ማለት ተሸንፎ የማያውቅ ሰው ይመስላቸዋል። ነገ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬ ወይም በቶጎ ውጫሌ የምናስተምር እጩ መምህራን ግን የዚህን ሰው ታሪክ ሙሉውን ብናውቅ ይበጀናል በማለት ባጭሩ አቅርበነዋል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ካደገ በኋላ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ለሩጫ ያዘጋጀው ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ነበር።

የሮም ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። በአገር ቤት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። ውድድሩ አመሻሹ ላይ ስለተጀመረ፣ ሯጮቹ ሲመለሱ ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩላቸው ነበር። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ጋር እስከ መጨረሻው ጎን ለጎን ሮጦ፣ በዚያን ጊዜ ሮም ይገኝ የነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድም ገባ። ባዶ እግሩን የሮጠው ይህ ወታደር የዓለምን ምርጥ ሰዓት ያዘ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብዙዎቻችን አናነሳውም። በሚያዝያ 1953 ዓ.ም. አበበ አቴና ላይ ሮጦ አሸነፈ። ያ መንገድ ብዙ ዳገት ያለበት ነው። በ1954 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ በአውሮፓ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ወደ ኮሺትሴ ሄደ። ኮሺትሴ ያን ጊዜ በቼኮዝሎቫኪያ፣ ዛሬ በስሎቫኪያ የምትገኝ ከተማ ስትሆን እንደ ሮም ወይም እንደ ፓሪስ ትልቅ አይደለችም። ነገር ግን ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማራቶን ስታካሂድ የኖረች በመሆኗ፣ በአውሮፓ በእድሜ አንጋፋው ማራቶን የእሷ ነው። ውድድሩ ዛሬ ከተማዋን ሁለት ጊዜ በሚያዞር መንገድ ይካሄዳል። አበበ እዚያም በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። የኦሎምፒክ ጀግና ነኝ ብሎ ትንሽ ከተማ አልናቀም።

ሽንፈቱ የመጣው ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ፣ ቦስተን ላይ ነው። አበበና ማሞ ወልዴ ከመነሻው ጀምረው በኃይል ሮጡ፤ ሌሎቹንም ርቀው ሄዱ። ነገር ግን የቦስተን መንገድ ዳገቶቹን የሚያመጣው ሯጭ ከደከመ በኋላ፣ ከ26ኛው ኪሎ ሜትር ወዲያ ነው። በዚያ ላይ ብርዱና ነፋሱ ተጨመረ። የቤልጅጉ ቫንደንድሪሽ ደርሶባቸው አለፈ። አበበ 5ኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆኑ። ዳገት እኮ የሮጠውን እንጂ ስሙን አይጠይቅም!

እንግዲህ ከዚህ ቀጥሎ ቶኪዮን እንይ። አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ውድድሩ ሲጀመር ከፊተኞቹ ጋር አልተሻማም። ፍጥነቱን የጨመረው ቀስ በቀስ ነው። እኩሌታውን መንገድ ብቻውን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሲገባ፣ ሁለተኛው ገና አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቦስተንንና ቶኪዮን አጠገብ ለአጠገብ አድርገን ስናያቸው፣ ጉልበትን ከፋፍሎ መጠቀም ምን ያህል እንደሚጠቅም እንረዳለን።

በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩን ታሞ አቋረጠ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ተረከበ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ፣ ሻምበል አበበ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ከሄደ በኋላም ውድድር አልተወም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ታዲያ ይህን ታሪክ ለተማሪ እንዴት እናስተምረው? በቃል ብቻ አይበቃም። በጅጅጋ ዙሪያ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ወደ ካራማራ ሲጠጉ ደግሞ ዳገቱ ይጀምራል። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ መኪና በማይበዛበት ስፍራ፣ ዳገትና ቁልቁለት ያለው አጭር ዙር እንምረጥ። የዙር ጥቅሙ መምህሩ አንድ ቦታ ቆሞ ሁሉንም ማየቱ ነው፤ ውሃውም በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ የደከመ ልጅም ርቆ አይቀርም። ልጆቹ የመጀመሪያውን ዙር ዝግ ብለው ይሩጡ፣ ዳገቱ ላይ እርምጃቸውን ያሳጥሩ፣ ቁልቁለቱ ላይ አይንደርደሩ። የእያንዳንዱን ዙር ደቂቃ እንመዝግብ። የመጨረሻ ዙሩን እንደ መጀመሪያው አድርጎ የሮጠ ልጅ ኋላ ቢገባም ትምህርቱ ገብቶታልና እናመስግነው።

አምስተኛ ወጥቶ አንገቱን የደፋ ልጅ ካየን ደግሞ የቦስተንን ነገር እንንገረው፤ ቀጥለንም የቶኪዮን።