አዳ ላቭሌስ እና የድግግሞሽ ትእዛዝ

በአር የስታቲስቲክስ ቋንቋ የሺህ ቀናትን የዝናብ መጠን የሚያሰላ መሐንዲስ ትእዛዙን ሺህ ጊዜ አይጽፍም፤ አንድ ጊዜ ጽፎ እንዲደጋገም ያዛል። ይህም ዑደት ይባላል። አሳቡ ግን ከኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር መፈጠር መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ በአንዲት እንግሊዛዊት እጅ ተጽፎ ነበር።

አዳ እ.ኤ.አ. በ1815 በለንደን ተወለደች። አባቷ ባለቅኔው ሎርድ ባይረን ነበር። ወላጆቿ ገና በአራስነቷ ስለ ተለያዩ አባቷን ሳታውቅ አደገች፤ እርሱም በ1824 በግሪክ አገር ሞተ። እናቷ የአባቷ ጠባይ እንዳይጋባባት በመሥጋት በሒሳብ ትምህርት አሳደገቻት። በ1833 ከሒሳብ ሊቁ ከቻርልስ ባቤጅ ጋር ተዋወቀች። በ1835 አግብታ የሦስት ልጆች እናት ብትሆንም ትምህርቷን አልተወችም፤ የዩኒቨርሲቲ በር ለሴቶች ዝግ በነበረበት በዚያ ዘመን ኦገስተስ ደ ሞርጋን በደብዳቤ ያስተምራት ነበር።

ባቤጅ ያቀደው አናሊቲካል ኤንጂን፣ እንደ ዣካር የሽመና መኪና፣ ትእዛዙን ከተበሱ ካርዶች የሚቀበል ነበር። ጣሊያናዊው ሜናብሬአ በ1842 ስለዚሁ መኪና በፈረንሳይኛ ጻፈ። አዳ በ1843 ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ የዋናውን ሦስት እጥፍ ያህል የሚሆን ማብራሪያ አከለችበት፤ ከሥሩ ግን የስሟን መነሻ ፊደላት ብቻ አኖረች።

በመጨረሻው ማብራሪያ የበርኑሊ ቁጥሮች የሚሰሉበትን መንገድ በ25 ተግባራት ዘርዝራ፣ ከ13ኛው እስከ 23ኛው ያሉት እንዲደጋገሙ አመለከተች። ካርዶቹ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደ ገና ስለሚያልፉ፣ ጥቂት ካርዶች ለረጅም ስሌት ይበቃሉ ማለት ነው። ከሥራው የባቤጅ ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ማብራሪያው በስሟ መነሻ መውጣቱ ግን አያከራክርም። በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ክፍያ ተገልብጦ ይገኛል። መኪናው ተሠርቶ ስላላለቀ ስሕተቱን ፈትኖ የሚያሳይ አልነበረም፤ እኛ በደቂቃ የምናርመውን እርሷ በአእምሮዋ ብቻ መከታተል ነበረባት።

የኋለኛው ዘመኗ መከራ የበዛበት ነበር። በፈረስ እሽቅድምድም ውርርድ ብዙ ገንዘብ ከሰረች፤ በካንሰር በሽታም ተሠቃይታ በ1852፣ በ36 ዓመቷ አረፈች። በፈቃዷም በሐክናል፣ በሕይወት ሳለ ካላወቀችው አባቷ አጠገብ ተቀበረች።

በ1979 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ያሠራው የፕሮግራም ቋንቋ አዳ ተብሎ ተሰየመ። በአር ቋንቋ በአንድ ቃል የሚታዘዘው ድምር እንኳ ከውስጡ ዑደት ነው። ሥራውን በፍጥነት ስናገኘው፣ ምንም መኪና ሳይኖራት ድግግሞሹን በወረቀት ላይ ያሰፈረችውን ሴት ማስታወስ ይገባናል።