ሥራው ከእሳት የተረፈለት ሰው፥ ዦርዥ ሜልየስ

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን ቤት የሰይጣን ቤት ብሎ ሰየመው። ሥጋና ደም የሌለው ሰው በነጭ ሸራ ላይ ሲራመድ፥ ሲሥቅና ድንገት ሲሰወር የተመለከተ ሁሉ ይህን ስም ቢያወጣ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በፓሪስ ከተማ አንድ ፈረንሳዊ፥ ርእሱ ከዚሁ ስም ጋር የሚቀራረብ ፊልም ሠርቶ ነበር። የእኛ ሰው ሰይጣን ያለው ደንግጦ ሲሆን፥ ፈረንሳዊው ግን ሰይጣኑን በገዛ እጁ አበጅቶ ለተመልካች አቀረበው።

የዚህ ሰው ስም ዦርዥ ሜልየስ ይባላል። ዛሬ ወጣቱ ማታ በቤቱ ቁጭ ብሎ የሚመለከታቸው የመናፍስት፥ የጭራቅ፥ የእሳተ ገሞራና የልዩ ልዩ መቅሠፍት ፊልሞች የዘር ሐረጋቸው ቢቆጠር ከእርሱ ደጃፍ ያደርሳል። ነገር ግን ታሪኩን ለአንባብያን ለማቅረብ ያነሣሣን ይህ ብቻ አይደለም። ከሠራው አብዛኛው በሕይወቱ ሳለ ጠፍቶ፥ ከሞተ ከ70 ዓመት በኋላ የተረፈው ተሰብስቦ በየሰው ቤት ሊገባ የቻለበት ምክንያት ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ትምህርት የሚሰጥ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተለየ በቀር፥ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይወቅልን።

ሜልየስ የተወለደው በፓሪስ ዲሴምበር 8 ቀን 1861 ነው። አባቱ ደኅና ጫማ በመሥራት የታወቀና ፋብሪካ ያቋቋመ ባለጠጋ ነበር። ልጁ ግን ከጫማ ይልቅ ሥዕል ይወድ ነበር። ትምህርቱንና የውትድርና ግዴታውን ከፈጸመ በኋላ በ1884 ወደ ለንደን ተላከ። የተላከው ለሥራና እንግሊዝኛ ለመማር ቢሆንም፥ እግሩ አዘውትሮ ይሄድ የነበረው ወደ አንድ የምትሐት ትርኢት ቤት ነበር። በዚያም ሰው ሲሰወር፥ ዕቃ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ እየተመለከተ፥ ይህ ሁሉ አስማት ሳይሆን የመሣሪያና የእጅ ቅልጥፍና ሥራ መሆኑን ተረዳ።

ወደ አገሩ ተመልሶ የሥዕል ትምህርት ቤት ለመግባት ቢጠይቅ አባቱ እንቢ አለው። ስለዚህ በፋብሪካው ውስጥ የመኪናዎቹ ተቈጣጣሪ ሆነ። በዚያን ጊዜ ቅጣት የመሰለው ይህ ሥራ በኋላ እጅግ ጠቀመው። የመኪና አፈታትና አገጣጠም የተማረው ከጫማ መስፊያው ነውና። በ1888 አባቱ ሥራውን ሲተው፥ ሜልየስ ከፋብሪካው የደረሰውን ድርሻ ለወንድሞቹ ሸጠና በገንዘቡ ሮበርት ሁደን የተባለውን የታወቀ የምትሐት ቴአትር ቤት ገዛ። የጫማ ሠሪው ልጅ በ26 ዓመቱ ምትሐተኛ ሆነ ማለት ነው።

ዲሴምበር 28 ቀን 1895 የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲያሳዩ ሜልየስ ከተመልካቾቹ መካከል ነበር። ባየው ነገር በጣም ተደንቆ መሣሪያውን እንዲሸጡለት ለመነ፤ አልሸጡለትም። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ ወደ ለንደን ሄዶ ሮበርት ፖል ከተባለ መሐንዲስ የፊልም ማሳያ ገዛና፥ ፈታትቶ ማንሻ አድርጎ ሠራው። በ1896 ፊልም ማንሣት ጀመረ።

የሉሚዬር ወንድማማቾች የሚያነሡት በዓለም ላይ ያለውን ነበር፤ ባቡር ሲመጣ፥ ሠራተኛ ከፋብሪካ ሲወጣ ማለት ነው። ሜልየስ ደግሞ በዓለም ላይ የሌለውን ማንሣት ፈለገ። ዘዴውም ሲነግሩት ቀላል ነው። ማንሻው እየዞረ ሳለ ይቆማል፤ ሰውዬው ከስፍራው ይነሣና ሌላ ነገር ይተካል፤ ማንሻው እንደ ገና ይዞራል። ፊልሙ ሲታይ ግን መቆሙ አይታወቅም። ሰውዬው በዐይን ጥቅሻ ወደ አጽም የተለወጠ ይመስላል። እርሱ ራሱ ሲያወራ፥ ይህን ያገኘሁት በፓሪስ አደባባይ ስቀርጽ ማንሻው ለጥቂት ጊዜ ተይዞ፥ በኋላ ሳየው አንድ የሰው ማመላለሻ ጋሪ ወደ አስከሬን ጋሪ ተለውጦ በመገኘቱ ነው ይል ነበር። በ1896 የሰይጣን ግቢ የሚል ትርጉም ያለውን ፊልም የሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ፊልሙ ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ትልቅ የሌሊት ወፍ ይበርና ሰይጣን ይሆናል፤ ሰይጣኑም መናፍስትን እየጠራ ሁለት መኳንንት ያስጨንቃል። ብዙ ሊቃውንት የዓለም የመጀመሪያው አስፈሪ ፊልም ይህ ነው ይላሉ።

በ1897 ሞንትሮይ በተባለው የፓሪስ አጠገብ መንደር፥ ብርሃን እንዲገባ ግድግዳውና ጣሪያው መስተዋት የሆነ ትልቅ የፊልም መሥሪያ ቤት ሠራ። ከዚያም መናፍስትን ብቻ ሳይሆን እውነተኛ መቅሠፍትን ደግሞ በአምሳያ መሥራት ጀመረ። በሜይ 1902 በማርቲኒክ ደሴት የፔሌ ተራራ ፈንድቶ ወደ 28,000 የሚጠጋ ሰው ባለቀ ጊዜ፥ ሜልየስ ትንሽ ተራራ አበጅቶ እሳት ሲተፋ በፊልም አሳየ። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራው የጥፋት ትዕይንት ሁሉ መጀመሪያው እንዲህ ያለ በጠረጴዛ ላይ የቆመ ተራራ ነው። በዚያው ዓመት የእንግሊዝን ንጉሥ የኤድዋርድ 7ኛን የዘውድ በዓል፥ በዓሉ ገና ሳይደርስ፥ በሞንትሮይ ተዋንያን አልብሶ አነሣው። ይህ በዓል፥ የዘር ሐረጋቸው ከመንዝ የሚመዘዘው ዳግማዊ ምኒልክ፥ ራስ መኰንንን ወኪላቸው አድርገው ወደ ለንደን የላኩበት ነው።

ስሙን በዓለም ሁሉ ያስጠራው በ1902 የሠራው ወደ ጨረቃ ጉዞ ነው። ሊቃውንት በመድፍ ተተኩሰው ጨረቃ ላይ ሲወድቁና ከጨረቃ ሰዎች ጋር ሲዋጉ ያሳያል። ነገር ግን ዝናው ለሌቦች ጠቀመ። አሜሪካ ውስጥ ነጋዴዎች ፊልሙን ሳያስፈቅዱ እየገለበጡ ሸጡት። በዚህ ምክንያት ወንድሙ ጋስቶን በ1903 ኒው ዮርክ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሜልየስ ለእያንዳንዱ ፊልም ሁለት ነጋቲቭ እያዘጋጀ፥ አንዱን በፓሪስ አስቀርቶ ሁለተኛውን ወደ አሜሪካ ይልክ ጀመር። አንባቢው ይህችን ሁለተኛ ነጋቲቭ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለንና።

ሜልየስ እስከ 1913 ድረስ ከ500 በላይ ፊልሞች ሠራ። ይሁን እንጂ ጊዜው ተለወጠ። ፊልም ትልልቅ ኩባንያዎች የሚነግዱበት ሥራ ሆነ፤ የተመልካቹም ፍላጎት ወደ ረዘመና ወደ ጠለቀ ታሪክ አዘነበለ። እርሱ ግን ከለመደው አልተላቀቀም። ፓቴ ከተባለው ኩባንያ ገንዘብ ተበድሮ በ1912 ትልቅ የበረዶ ጭራቅ ያለበትን የሰሜን ዋልታ ፊልም ቢሠራ ገንዘቡን ሳይመልስለት ቀረ። በ1913 ሚስቱ ሞተችበት። በ1914 ታላቁ ጦርነት ተነሣ።

በጦርነቱ ጊዜ የፈረንሳይ ጦር ከፊልሞቹ ከ400 በላይ የሆኑትን ቅጂዎች ወስዶ አቀለጣቸው። በውስጣቸው ያለው ብር ለጥቅም ዋለ፤ ሴሉሎይዱም የጫማ ተረከዝ ተሠራበት። ከጫማ ፋብሪካ ለማምለጥ ዕድሜውን ሁሉ የደከመ ሰው፥ ሥራው ተመልሶ ጫማ ሆኖ ቀረ። ከዚህ የመረረ ዕጣ ማሰብ ያስቸግራል።

ከዚህም በላይ የከፋው በ1923 ደረሰ። የሮበርት ሁደን ቴአትር ቤት ለመንገድ ሥራ ፈረሰ፤ የሞንትሮዩም ስፍራ በዕዳ ከእጁ ወጣ። ሜልየስ በንዴት ተቃጥሎ፥ በዚያ ያከማቸውን የፊልም ነጋቲቭ ሁሉ በገዛ እጁ እሳት ለቀቀበት። ጦሩ ያቀለጠው የሌላ ሰው ሥራ ነበር፤ ባለቤቱ ያቃጠለው ግን የራሱን ነው። የቱ ይበልጥ እንደሚያሳዝን ፍርዱን ለአንባቢው እንተዋለን። እኛ ግን አንድ ነገር እንላለን፤ አንድ ሥራ ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ የሠሪው ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ስለዚህ በሠሪው ንዴት ሊቃጠል አይገባውም ነበር።

በ1925 በሰይጣኑ ፊልም ውስጥ የተጫወተችውን ዣን ዳልሲን አግብቶ፥ ከእርስዋ ጋር በፓሪስ በሞንፓርናስ የባቡር ጣቢያ አሻንጉሊትና ከረሜላ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ይዞ ተቀመጠ። ጨረቃ ላይ የወጣው ሰው ለመንገደኛ ከረሜላ እየሸጠ ኖረ። ጥቂት ቈይቶ ግን ጋዜጠኞች አገኙት። በዲሴምበር 1929 በፓሪስ የተረፉት ፊልሞቹ በታላቅ ክብር ታዩለት፤ በ1931ም የፈረንሳይ መንግሥት የሌዥዮን ዶኔር ኒሻን ሸለመው። ኒሻኑን የሰጠው ሉዊ ሉሚዬር ነበር። ጃንዋሪ 21 ቀን 1938 በ76 ዓመቱ ዐረፈ።

የሥራው ታሪክ ግን አልተፈጸመም። ወደ አሜሪካ ከተላኩት ሁለተኛ ነጋቲቮች ከፊሎቹ ከጥፋት ተርፈው ተገኙ። የልጁ ልጅ ማድሌን ማልቴት ሜልየስ ዕድሜዋን ሁሉ የአያትዋን ፊልሞች ከአገር አገር እየፈለገች አሰባሰበች። ጠፋ የተባለው የሰይጣኑ ፊልም በ1988 በኒው ዚላንድ የፊልም መዝገብ ቤት ተገኘ። ወደ ጨረቃ ጉዞ በእጅ ቀለም የተቀባ ቅጂው በ1993 በባርሴሎና ተገኝቶ፥ ከብዙ ድካም በኋላ በ2011 በካን በዓል ታየ። በ2008 ደግሞ ፍሊከር አሊ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት 173 ፊልሞችን በ5 ዲቪዲ አትሞ አወጣ፤ በ2010 ሌሎች 26 ጨመረበት። ጦር ያቀለጠውና እሳት የበላው ሥራ በመደርደሪያ ላይ አንድ ክንድ እንኳ ቦታ በማይዝ ሣጥን ውስጥ ገባ።

በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በኋላም የቪዲዮ ካሴት መጣና፥ ሲኒማ አዳራሽ በሌለባቸው ከተሞች ሁሉ ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ። ካሴቱን ቪሲዲና ዲቪዲ ተኩት። በመንዝ ደጋ ልጅ ብርድ በጸናበት ማታ ዝተቱን ተከናንቦ በምድጃ ዳር የጭራቅ ተረት ይሰማል። ያ ተረት መቶ ዓመታት አልፎ የደረሰው በአንድ ሰው ሣጥን ስላልተቈለፈበት ነው። በየቤቱ አንድ ቅጂ አለው፤ አንዲት አያት ብትሞት ሌላዪቱ ታወራዋለች። የሜልየስንም ፊልም ከጥፋት ያዳነው ይኸው ሥርዓት ነው፤ በፓሪስ የተቃጠለው በአሜሪካ፥ በኒው ዚላንድና በስፔን ቅጂ ነበረው።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል። የሠርግና የልቅሶ፥ የቴአትርና የበዓል፥ ሌላም ብዙ ትዝታችን በካሴት ተቀርጾ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ቤት ተከምሮ ይገኛል። የካሴት ክር ደግሞ እርጥበትና ሻጋታ ይበሉታል፤ ማጫወቻው ዴክም ከቀን ወደ ቀን እየጠፋ ነው። የዕቃ ቤት ቍልፍ የተሰጠው ወጣት ሹም፥ ቦታ ለማስለቀቅ አሮጌ ካሴት ይጣል የሚል ደብዳቤ ቢቀርብለት፥ ከመፈረሙ በፊት ሌላ ቅጂ መኖሩን ይጠይቅ። ከሌለ ያስገልብጥና አንዱን በሌላ ከተማ ያስቀምጥ። ይህን ለማድረግ ምትሐተኛ መሆን አያስፈልግም።