የፒካን ፈልፋዮቹ ኤማ

ዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ የምትኖሩ ወገኖች የፒካንን ዛፍ ሳታውቁት አትቀሩም። ኅዳር ሲገባ ፍሬው በየእግረኛ መንገዱ ይረግፋል። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ እናቶች ጎንበስ ብለው በፌስታል ሲለቅሙት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቴክሳስም በ1919 የክፍለ ግዛቱ ዛፍ ይሁን ብላ አውጃለታለች (ዓመተ ምሕረቱን ካልጠቀስኩ በቀር የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ይህንን ፍሬ በጣታቸው ሲፈለፍሉ ስለኖሩ ሴቶችና መሪያቸው ስለነበረችው ስለ ኤማ ቴናዩካ ነው። ነገሩ የሆነው ሳን አንቶኒዮ ነው፤ ከኛ ወደ ደቡብ በመኪና አራት ሰዓት ግድም ይሆናል።

ኤማ የተወለደችው ታኅሣሥ 21 ቀን 1916 ነው። ቤተሰቧ ልጅ የበዛበት ስለነበር አያቶቿ ዘንድ አደገች። ዘመዶቿ ለብዙ ትውልድ ቴክሳስ የኖሩ ናቸውና እሷ ራሷ ስደተኛ አልነበረችም። የሰፈሯ ሰው ግን አብዛኛው በ1910 የተነሣውን የሜክሲኮ አብዮት ሸሽቶ የመጣ ነው። አያቷ እሑድ እሑድ ሰው ወደሚሰበሰብበት አደባባይ ይዟት ይሄድ ነበር። እዚያ የፖለቲካ ተናጋሪው ይናገራል፣ ጋዜጣ ለማያነበው ጋዜጣ ይነበብለታል፣ ደላላውም ቤተሰብ ሙሉ እየመለመለ እስከ ሚቺገን ድረስ ለስኳር ቀይ ሥር ለቀማ ይጭናል። በመከር ወራት ሠርተው ሒሳባቸውን ሳይቀበሉ የተመለሱ ሰዎች እሮሮ ሕፃኗ ጆሮ ውስጥ የገባው ያኔ ነው። ይህቺ ልጅ ትምህርት የጀመረችው በዚያ አደባባይ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በ1933 ገና ተማሪ ሳለች የሲጋር ፋብሪካ ሴቶች አድማ መቱ። ኤማ ሄዳ ከሰልፋቸው ተቀላቀለች፤ በ16 ዓመቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰረች። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። ሥራ ሲጠፋ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ስደተኛው ላይ ነውና፣ አሜሪካ የተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ሜክሲኮ ተሸኝተዋል። የኛዋ ዳላስም ከዚህ ሁሉ የራቀች አልነበረችም፤ በ1935 የልብስ ሰፊ ሴቶች አድማ መትተው ብዙዎቹ ታስረዋል፣ አድማቸው ግን አልሰመረም።

አሁን ወደ ፒካኑ ልመለስ። አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ የቡና ለቀማ መጋዘን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ቅርፊቱን እየሰበሩ ፍሬውን ያወጣሉ። የሚከፈላቸው በሰዓት ሳይሆን በፓውንድ ነው። አየር የማይገባበት ክፍል ውስጥ ቡናማ ብናኝ ይነሣል፤ ያንን ሲስቡ ይውላሉ። በዚያን ጊዜ ሳን አንቶኒዮ በሳንባ ነቀርሳ የምትታወቅ ከተማ ነበረች። አንዲት ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ ሠርታ የምታገኘው ከ2 እስከ 3 ዶላር ነበር። ከአድማው በኋላ የመንግሥት አጥኚዎች ቤት ለቤት ዞረው ሲያሰሉት የአንድ ፈልፋይ ቤተሰብ የዓመት ገቢ በአማካይ 251 ዶላር ሆነ። ያውም ለአራት አምስት ሰው! ፈልፋይ ማሽን ነበረ፤ ነገር ግን የሰው እጅ ከማሽን ይልቅ ስለረከሰ ትልቁ ኩባንያ ማሽኑን ትቶ ወደ እጅ ሥራ ተመልሶ ነበር።

በጥር 1938 ከዚህች ክፍያ ላይ በፓውንድ አንድ ሳንቲም ቀነሱ። ጥር 31 ቀን 12,000 የሚጠጋ ሠራተኛ፣ አብዛኛው ሴት፣ ሥራውን ጥሎ ወጣ። የ21 ዓመቷን ኤማንም መሪያችን አሏት። ከዚያ በፊት ሥራ አጦችን በማደራጀት ስለታወቀች አዲስ ፊት አልነበረችም። የከተማው ፖሊስ አዛዥ ጉዳዩን የደሞዝ ጥያቄ ሳይሆን የኮሚኒስት አመፅ አድርጎ ወሰደው። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ከ700 በላይ ሰው ታሰረ፣ ለአድማ መቺዎች የተከፈተው የሾርባ ማዕድ ሳይቀር ተዘጋ።

እውነቱን ለመናገር ኤማ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበረች፤ ባሏም የፓርቲው ሰው ነበር። ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበሩ አለቆች ስሟ አድማውን ያስመታብናል ብለው ሰጉና ከፊት አነሧት። ቂም ይዛ ቤቷ አልተቀመጠችም፤ ከኋላ ሆና በራሪ ወረቀት ትጽፍ፣ ሰው ታስተባብር ነበር። እኔን ከታሪኳ ሁሉ የገረመኝ ይኼ ነው። በየማኅበራችን ሊቀመንበርነቱን ሲያጣ በሩን ዘግቶ የሚሄደውን ስንቱን እናውቃለን!

ከ37 ቀን በኋላ ነገሩ ወደ ሽምግልና ዳኝነት ሄደ፣ ክፍያውም ትንሽ ተሻሻለ። ወዲያው በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ያወጣችው የሥራ ሕግ ጥቅምት 24 ቀን ሥራ ላይ ዋለ፤ ዝቅተኛው ደሞዝ በሰዓት 25 ሳንቲም ሆነ። ኩባንያዎቹ ሕጉ እኛን አይመልከተን ብለው ቢያመለክቱም አልተሳካላቸውም። ታዲያ ምን አደረጉ? ጥለውት የነበረውን ማሽን መልሰው አመጡ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ10,000 በላይ ፈልፋዮች ሥራ አጡ። ይህንን እያነሡ አድማው ከንቱ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልስማማም። በ2 ዶላር ሳምንት ሙሉ ሳንባን የሚጨርስ ሥራ ቀድሞውንም ለማሽን የተገባ ነበር። ጥፋቱ ሥራ ላጡት ሌላ መተዳደሪያ አለመታሰቡ ነው።

ያ የ1938 ሕግ ሌላም ቀዳዳ ነበረው። ገበሬ ዘንድ የሚሠራውንና የሰው ቤት የምትሠራውን ከጥበቃው ውጭ ትቷቸዋል።  የቤት ሠራተኞች በሕጉ የታቀፉት በ1974፣ ማለትም ከ36 ዓመት በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን አሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አዛውንት የምትጠብቅ ሴት ደግሞ ከጭርሱ ከሕጉ ውጭ ቀሩ። በድርጅት ተቀጥረው ሽማግሌና አሮጊት የሚንከባከቡት ዝቅተኛ ደሞዝና ትርፍ ሰዓት የተፈቀደላቸው በ2013 በወጣ ደንብ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለውም በ2015። በ2025 ደግሞ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ይህንኑ ደንብ ለመሻር ሐሳብ አቅርቧል። የቴክሳስ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም መሆኑን ታውቃላችሁ።

በዚህ ከተማ ስንት እኅቶቻችን በዚህ ሥራ ላይ እንዳሉ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ጋርላንድ አንድ አዛውንት አጥባ አልብሳ፣ ሪቻርድሰን ወዳለችው ሁለተኛዋ የምትነዳ እኅት፣ ለአንድ አሠሪ በአንድ ቀን የምትሠራ ከሆነ የመንገዱ ሰዓት በሕጉ የሥራ ሰዓት ነው። ሌሊት ተኝታ በሽተኛው ሲጠራት የተነሣችበትም እንደዚሁ። ወረቀት የሌላት ሴትም ለሠራችው ሰዓት ይኸው ዝቅተኛ ደሞዝ ይገባታል። የሰዓቷን ማስታወሻ በራሷ ደብተር መያዝ አለባት፤ ለመጠየቅ ያላት ጊዜ ሁለት ዓመት ነውና፣ አሠሪው አውቆ ያጠፋ እንደሆነ ሦስት። አገር ቤትም ቢሆን ሙገሳ የሚገባን አይደለንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኛን ነገር ወደፊት በሚወጣ ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፎታል።

ኤማ ለድሏ የተከፈላት ምን እንደሆነ ልንገራችሁና ላብቃ። ነሐሴ 25 ቀን 1939 በከተማው አዳራሽ ስብሰባ ልታደርግ ከንቲባው ፈቀዱላት። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ድንጋይ ይዞ አዳራሹን ከበበ፣ መስኮቱን ሰበረ፣ ወንበሩን ቀደደ። እሷን ፖሊሶች በስውር አወጧት። ከዚያ በኋላ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ የሚቀጥራት ጠፋ፤ ለሕይወቷም የሚያሰጋት ዛቻ በዛ። ከባሏ ተለያየች፣ ቆይታም ከፓርቲው ወጣች፣ መጨረሻ ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ገባች። ለተሰደዱ ስትሟገት የነበረችው ሴት በገዛ አገሯ ስደተኛ ሆነች ማለት ነው። እዚያ ተምራ በ1952 ተመረቀች።

ወደ ትውልድ ከተማዋ የተመለሰችው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ስሟን የፈለጉት ወጣት የሜክሲኮ ዝርያ ተማሪዎች ናቸው። በ1974፣ የቤት ሠራተኞች ሕጉ ውስጥ በገቡበት ዓመት፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። ከዚያ በኋላ እስከ 1982 ድረስ የድሃ ልጆችን ንባብ ስታስተምር ኖረች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመርሳት በሽታ ያዛት። ሐምሌ 23 ቀን 1999 በ82 ዓመቷ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ አረፈች።