ስለ ዓፄ ዮሐንስና ስለ ትምባሆ

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደው የቀድሞ የነጋዴ መንገድ በጭልጋ በኩል ነው፤ ዛሬም መኪናው በአይከል ከተማ መካከል ያልፋል። ያንን መንገድ ቁልቁል ይዞ የሄደ ሰው ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ወደ ቈሰሉበት ሜዳ ይደርሳል። በዚህ አገር የንጉሡን ስም የማያውቅ የለም፤ የአሟሟታቸውንም ነገር ሕፃናት ሳይቀሩ ያወሩታል። ዳሩ ግን ስለ ትምባሆ ያወጡትን ሕግ የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ትምባሆን መተው ለሚፈልግ ሰውና ወንድሙ እንዲተው ለሚመኝ ሰው ይህ ታሪክ ብዙ የሚያሳስብ ስለ ሆነ እነሆ እንጽፈዋለን።

ካሣ ይባሉ ነበረ። የተወለዱት በተንቤን ሲሆን አባታቸው የተንቤን ሹም ምርጫ፣ እናታቸውም ወይዘሮ ስላስ ናቸው። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ መንግሥቱን ሦስት ሰዎች ተመኙት፤ በመጀመሪያ የነገሡት ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ካሣ ግን የእንግሊዝ ጦር በአገራቸው እንዲያልፍ ስለ ፈቀዱ መድፍና ጠመንጃ አግኝተው ነበርና፣ በ1863 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በአድዋ አጠገብ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት ድል አደረጉ። በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም አቡነ አትናቴዎስ ቀብተው አነገሡአቸው፤ ስመ መንግሥታቸውም ዮሐንስ ተባለ። አራት ዓመት ሳይቈይ የግብጽ ሠራዊት ከምጥዋ ተነሥቶ መጣ፤ በ1868 ዓ.ም. አንድ ጊዜ በጉንደት፣ ሁለተኛ ጊዜ በጉራ ተሸነፈ። ይህንን ሁሉ የታሪክ መጻሕፍት በሰፊው ስለሚናገሩ እኛ በዚህ አንቈይም።

በኑሮአቸው ጾምና ጸሎት የሚያበዙ፣ ከካህናት የማይለዩ ንጉሥ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ሌላ አላገቡም ይባላል። ብዙ ነገር ለራሱ የሚፈቅድ ንጉሥ ሞልቶ ሳለ፣ እሳቸው ሰውነታቸውን በመግዛት የተመሰገኑ ናቸው። እንግዲህ ሌላውም ሰው ሰውነቱን እንዲገዛ መፈለጋቸው አያስደንቅም።

ትምባሆ በዚያን ጊዜ ወደ አገራችን ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበረ። አንዱ በጋያ ይጠጣው ነበር፤ የዛሬ ተማሪ ላያውቀው ይችላልና፣ ጋያ ማለት ጭሱ በውኃ ውስጥ አልፎ የሚሳብበት የቅል ዕቃ ነው። ሌላው አልሞ ሱረት አድርጎ በአፍንጫው ይስበዋል። ካህናቱ ይህን ሁሉ እንደ ርኩሰት ይቈጥሩት ነበርና ዓፄ ዮሐንስ ትምባሆን ከለከሉ። በዘመኑ አገራችንን ያዩ የውጭ አገር መንገደኞች እንደ ጻፉት፣ ሲያጨስ የተገኘ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት ሲስብ የተገኘም አፍንጫው እንዲቈረጥ ታዘዘ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ንጉሡ ትምባሆን በመጥላታቸው አልተሳሳቱም። በዚያን ዘመን የሳንባ ካንሰር ከጭስ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም፤ ዛሬ ግን ትምባሆ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እንደሚገድል የታወቀ ነው። ነገር ግን ሱስ በከንፈር ላይ አይኖርም። ከንፈሩ የተቈረጠ ሰው ምኞቱ አልተቈረጠለትም፤ ያላገኙት ጎረቤቱም ጋያውን ከደጅ ወደ ጓዳ አገባው እንጂ አልሰበረውም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ የተደበቀን ሰው ማንም ሊረዳው አይችልም። አመሉን ለሚስቱና ለባልንጀራው ለመናገር የሚፈራ ሰው፣ ተወው፣ በርታ፣ አለሁልህ የሚለው ሰው ከወዴት ያገኛል?

ንጉሡ በሃይማኖትም ነገር እንዲሁ አደረጉ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ፤ የወሎ እስላሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። እሺ ያላሉት አንዳንዶቹ ተዋጉ፣ አንዳንዶቹ ወደ መተማ በኩል ተሰደዱ፤ ብዙዎችም ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆነው ኖሩ። ወንጌልን የሚሰብክ ሰው ይህን ሲያነብ ሊደነግጥ ይገባዋል። በራሱ ፈቃድ ሃይማኖቱን የመረጠ ሰው፣ በፍርሃት የተቀበለ ጎረቤቱ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ እኒሁ ንጉሥ ሰውን በሌላ መንገድ መያዝ ያውቁ ነበር። በዚያው በ1870 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ በገቡላቸው ጊዜ አላዋረዱአቸውም፤ ንጉሥነታቸውን አጽንተው፣ ዘውድ ጭነው፣ ወደ አገራቸው ሰደዱአቸው። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃሙን አዳል ተክለ ሃይማኖት ብለው አነገሡ። ሁለቱም ብዙ ጊዜ አስቸግረዋቸዋል፤ ዳሩ ግን በዚያ ትዕግሥት መንግሥቱ ለብዙ ዓመት ሳይከፈል ቈየ። ለነገሥታቱ ዘውድ ሲሆን ለትምባሆ ጠጪው ድኃ ቢላዋ መሆኑ የዚህ ጸሐፊ ልብ የማይቀበለው ነገር ነው። ጥቂቱ ትዕግሥት ለእርሱም በደረሰው ኖሮ!

ምክንያቱም ትምባሆን መተው የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ኒኮቲን ከሰውነቱ ሲወጣ ሰውዬው ይቈጣል፣ ይቅበጠበጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ከሁሉም የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ናቸው፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንትም ከቈየ እየቀለለው ይሄዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የጭሱ መርዝ በአንድ ቀን ያህል ጊዜ ከደሙ ይጠፋል፤ አንድ ዓመት ከቈየም ከትምባሆ የሚመጣበት የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይህን ያህል ዋጋ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በአንዲት ደቂቃ፣ ከቡና በኋላ ወይም በጠላ ቤት ነው።

በአገራችን በዐቢይ ጾም ትምባሆን የሚተዉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ጾሙ 55 ቀን ስለ ሆነ ሥጋቸው ከኒኮቲን ነጻ ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ አግኝቶአል፤ ነገር ግን በፋሲካ ማግሥት ብዙዎቹ ይመለሳሉ። ለምን ቢሉ፣ በጾሙ ወራት ጎረቤቱ ሁሉ አብሮአቸው ይጾማል፤ የሚፈትናቸው የለም። ጾሙ ሲፈታ ግን ያው ጎረቤት ከጠላው ጋራ ሲጃራውን ይዘረጋላቸዋል። እስላሞች ወንድሞቻችንም በረመዳን እንዲህ እንደሚሆንባቸው ነግረውኛል። ስለዚህ የሚተው ሰው ቀኑን ቈርጦ ለቤተ ሰቡና ለወዳጆቹ አስቀድሞ ይንገር፤ ወዳጆቹም ከፋሲካ በኋላ ያለውን ወር ከጾሙ ይልቅ ይጠብቁለት። በዚያ ወር በቤቱ አጠገብ ሲጃራ የማይለኵስ ባልንጀራ ትልቅ ምጽዋት ሰጥቶአል።

በአይከል የማውቃቸው አንድ የጭነት መኪና ሾፌርና ረዳቱ አብረው ተዉ። ሌሊት እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው ያጨሱ ነበር፤ አሁን ቈሎ ይዘው ይሄዳሉ። የተዋዋሉትም አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ያጨሰው ሰው ገንዳ ውሃ ሳይደርስ ለሌላው ይናገራል። ረዳቱ ሁለት ጊዜ ወደቀና ሁለት ጊዜ ተናገረ። ሾፌሩ አልሳቀበትም፣ አልተቈጣውምም፤ ቀኑን እንደ ገና ከአንድ ጀምረው ቈጠሩ። ሦስተኛውን ቈጠራ ከጀመሩ እነሆ ዓመት አልፎአል። ብዙ ሰዎች ሦስት አራት ጊዜ ሞክረው ነው የሚተዉት፤ ስለዚህ የወደቀውን ሰው አመሉ ነው አይተወውም ማለት ከሐኪም ዕውቀትም ከክርስቲያን ፍቅርም የራቀ ነገር ነው። ሚስቶችም ይህን ልብ ይበሉ፤ ባልም ሚስቱ ብታጨስ እንዲሁ።

ወደ ንጉሡ እንመለስ። በመተማ ወዲያ፣ በሱዳን፣ መሐዲ የተባለው መሐመድ አሕመድ ተነሥቶ ነበረ። በብዙ ነገር የዓፄ ዮሐንስ ጠላት የሆነው ይህ ሰው በአንድ ነገር ከእሳቸው ጋራ ተስማማ፤ እርሱም ትምባሆን ከለከለ፣ ያጨሰውንም በጅራፍ ያስገርፍ ነበር። እርሱ በ1877 ዓ.ም. ሲሞት ኸሊፋው አብዱላሂ ሕጉን ቀጠለ። እንግዲህ በዚያን ዘመን ከጎንደር እስከ ኦምዱርማን የሚሄድ ነጋዴ በወዲህ በኩል ቢላዋ፣ በወዲያ በኩል ጅራፍ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

በጥር 1880 ዓ.ም. የኸሊፋው ሠራዊት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በደምቢያ በሳር ውሃ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ሕዝቡንም ማረከ። ዓፄ ዮሐንስ ስለዚህ ወደ መተማ ዘመቱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ሠራዊታቸው ቅጥሩን ጥሶ ድል ሊያደርግ ሲል ንጉሡ በጥይት ቈሰሉ፤ ይህ ወሬ በተሰማ ጊዜ የያዘው ድል ከእጁ ወጣ። ልጃቸውን መንገሻን ተናዝዘው በማግሥቱ ሞቱ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚመለሰውን ጦር ደርቡሾች ተከትለው ደረሱበት፤ ራሳቸውንም ቈርጠው ወደ ኦምዱርማን ወሰዱ።

የከንፈሩ ሕግ ከእሳቸው ጋራ ቀረ። በዓፄ ምኒልክ ዘመን ትምባሆ በግልጽ ይሸጥ ነበረ፤ ከጊዜም በኋላ መንግሥት ራሱ ንግዱን ያዘው። የኸሊፋውም መንግሥት በ1890 ዓ.ም. ፈረሰ፣ ጅራፉም አብሮ ጠፋ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 የማንንም ገላ አይነካም፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ማጨስን፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ይከለክላል፤ በፓኮው ፊትና ጀርባም ከመቶ 70 እጅ የሚሆነውን ቦታ የማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲይዘው ያዝዛል። በመተማ በኩል ግን ያለ ቀረጥ የሚገባ ሲጃራ አሁንም አልቆመም፤ በዚያው በቀድሞው መንገድ፣ በገንዳ ውሃና በአይከል በኩል ወደ ጎንደር ይወጣል።