የትሪም ግንብ ጌታ ሂዩ ደ ሌሲ

በምሥራቅ አየርላንድ፣ በቦይን ወንዝ ዳር፣ ትሪም በምትባል ከተማ አንድ ታላቅ ግንብ ቆሟል። ከዚያ ጥቂት ኪሎሜትር ርቆ በዚያው ወንዝ አጠገብ የቤክቲቭ ገዳም ፍርስራሽ ይገኛል። ሁለቱን የሚያገናኝ የአንድ ሰው ታሪክ ስላለ እርሱን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

ሂዩ ደ ሌሲ ከኖርማን መኳንንት ወገን ነበር። የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ በ1171 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወደ አየርላንድ ሲዘምት ተከትሎት ሄደ። በ1172 ንጉሡ 50 ፈረሰኛ እንዲያሰልፍለት ውል አስገብቶ የሚዝን ግዛት ሰጠው፤ የአገሩን ባለቤቶች ግን የጠየቀ አልነበረም። በትሪም መጀመሪያ የሠራው የእንጨት ምሽግ የአየርላንድ የበላይ ንጉሥ ሩዋሪ ኦኮነር በዘመተበት ጊዜ ስለ ተቃጠለ፣ በድንጋይ መገንባት ጀመረ። የመካከሉ ግንብ በመስቀል ቅርጽ የታነጸ ባለ 20 ማዕዘን ነው፤ የተፈጸመው ግን በልጁ በዋልተር ዘመን ነው።

ሂዩ ጦረኛ ብቻ አልነበረም። የተሰደዱትን ገበሬዎች ወደ ማሳቸው በመመለሱ ብዙ ሰው ወደደው። በ1180 ገደማ ደግሞ የጠላቱን የሩዋሪን ልጅ ያለ ንጉሡ ፈቃድ አገባ። ሄንሪም ይህ ሰው ለራሱ ሊነግሥ ነው ብሎ ስለ ጠረጠረ በ1181 አስጠራው፤ ብዙ ሳይቆይ ቢመልሰውም ከልቡ አላመነውም።

በ1186 ሂዩ በደሮ ሌላ ምሽግ ያሠራ ነበር። ቦታው ቅዱስ ኮሉምባ በስድስተኛው መቶ ዓመት የመሠረተው ገዳም ይዞታ ነው። ሥራውን ሲመለከት አንድ አይሪሽ ወጣት ቀርቦ በመጥረቢያ አንገቱን ቆረጠውና ወደ ጫካ ሮጦ አመለጠ። የአየርላንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ነገሩን የቅዱሱ በቀል አድርገው ቈጠሩት።

ሬሳው የተገኘው በ1195 ነው። አካሉ በቤክቲቭ፣ ራሱ በደብሊን ቅዱስ ቶማስ ገዳም ተቀበረ። የሁለቱ ገዳማት መነኮሳት ስለ አስከሬኑ ተካሰሱ፤ በ1205 ለደብሊን ተፈረደና አካሉ ከራሱ ጋር ተቀላቀለ።

እኛ ተማሪዎች ነገ ሹመት ስንይዝ ይህን ሰው ብናስታውሰው ይጠቅመናል። ለገበሬው መሬቱን በመለሰ ጊዜ ተወደደ፤ ሕዝብ የሚያከብረውን ቦታ በነካ ጊዜ ግን ጠፋ። ያን ሁሉ ግንብ ያቆመ ሰው ለራሱ መቃብር እንኳ 19 ዓመት ሙሉ በሰላም አላገኘም።