ትጋት ጸጋን ሲጠራ፤ የቅዱስ ያሬድ ሕይወት

ቅኔም ሆነ ዜማ፣ ሥዕልም ሆነ ድርሰት፣ ለጥቂት ምርጦች ያለ ድካም ከላይ የሚወርድ ሀብት የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህም ጸጋው አልተሰጠንም በማለት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ለእንዲህ ያለው አሳብ ከሁሉ የሚሻል መልስ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ዜማ አባት የቅዱስ ያሬድ ሕይወት ነው። ዜማ ከሰማይ ተገለጸለት ተብሎ የሚተረክለት ይኸው ሰው፣ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት መምህሩን ያስመረረ ደካማ ተማሪ ነበረ።

ያሬድ የተወለደው በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ከተማ ነው፤ ትውፊት የልደቱን ዘመን 505 ዓ.ም. ያደርገዋል። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት፣ እናቱ ታውክልያ የአክሱም ጽዮን ካህንና መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለጌዴዎን ሰጠችው። ጌዴዎንም መዝሙረ ዳዊትን ያስተምረው ጀመር። ነገር ግን እኩዮቹ ዳዊቱን ጨርሰው ወደ ሌላ መጽሐፍ ሲሻገሩ፣ ያሬድ ዓመታት አልፈውበት ካለበት አልተነቃነቀም። መምህሩ ገረፈው፤ ጓደኞቹም ተሳለቁበት። ብላቴናው ኀፍረቱንና ግርፋቱን መታገሥ ስላቃተው ጥሎ ሸሸ።

በመንገድም ሳለ ማይ ኪራሕ ከሚባለው ስፍራ ሲደርስ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንዲት ትል ወደ ዛፉ ጫፍ ለመውጣት ስትታገል አየ። ከእኩሌታው እየደረሰች ትወድቃለች፤ ወድቃም እንደ ገና ትጀምራለች። ገድሉ እንደሚተርከው ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከዛፉ ጫፍ ደርሳ ፍሬውን በላች። ያሬድም ይህን ተመልክቶ አለቀሰ፤ ከትል ማነሱን ዐውቆ ወደ አክሱም ተመለሰና ከመምህሩ እግር ወድቆ ይቅርታ ለመነ።

ይህን ታሪክ በቤተ ክርስቲያንም በትምህርት ቤትም ያልሰማ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ትሏ ለያሬድ ዜማ አላስተማረችውም፤ ወደ ጥንቱ መጽሐፍ፣ ወደ ጥንቱ መምህር መለሰችው እንጂ። ያሬድ በጸሎትና በትጋት በርትቶ ሲማር፣ ለዓመታት የጨለመበት ትምህርት ተገለጸለት። ዳዊቱን ዘለቀ፤ የብሉይንና የሐዲስ ኪዳንን መጻሕፍት ተማረ፤ በዲቁናም ተሾመ። በከንቱ ያለፉ የመሰሉት እነዚያ የመከራ ዓመታት ዘሩ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ የቆየባቸው ዓመታት ነበሩ።

ሦስቱ ወፎች የመጡለት ከዚህ በኋላ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ወፎቹ በግዕዝ ቋንቋ አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም አውጥተውም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት አሰሙት። እርሱም ተመልሶ በአክሱም ጽዮን አርያም የሚባለውን ዜማ አሰማ፤ ግዕዝን፣ ዕዝልንና እንደ ስሙ ልብን የሚያራራውን አራራይን ለአገሩ አወረሰ። በዚያው መቶ ዓመት ስለ ተወለደው ስለ ሮማው ጳጳስ ስለ ታላቁ ጎርጎርዮስም፣ በምዕራባውያን ዘንድ ርግብ ዜማ አሰማችው የሚል ትውፊት አለ፤ እርሱም አስቀድሞ መዝሙረ ዳዊት የዕለት ሥራው የነበረ መነኵሴ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቅደም ተከተሉን ልብ በል። ወፎቹ ከትምህርት ቤት ወደ ሸሸው ብላቴና መጥተው ቢሆን ኖሮ፣ ዜማውን የሚያለብሰው ቃል ከወዴት ባገኘ ነበር? ድጓ ከመጻሕፍት ቃልና ምሥጢር የተሸመነ፣ በዮሐንስ፣ በአስተምሕሮና በፋሲካ ተከፍሎ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች የሚያዳርስ ታላቅ ድርሰት ነው። ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕትም የእርሱ ድርሰቶች ናቸው ይባላል። ይህን ሁሉ ለመድረስ ዜማውን የሚሸከም ዕውቀት አስቀድሞ በልብ መከማቸት ነበረበት።

ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተመረኰዘውን ጦር በዘማሪው እግር ላይ ተከለው ይባላል። ማኅሌቱ እስኪፈጸም ድረስ ደሙ ሲፈስ ሁለቱም አላስተዋሉም። ንጉሡም ደንግጦ የፈለገውን ይሰጠው ዘንድ ቃል ቢገባለት፣ ያሬድ ወርቅና ሹመት አልጠየቀም፤ ለምናኔ እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ከዚያም ወደ ሰሜን አገር ወደ ጸለምት ሄዶ በማስተማርና በተጋድሎ ኖረ። መታሰቢያውም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

ሀብቱ ለእኛ የደረሰውም በድካም ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት በሥርዓት እንዳደላደሉ ሊቃውንት ይናገራሉ። ከቃሉ በላይ በደቃቅ የሚጻፉት እነዚህ ምልክቶች ግን ለሚያውቅ ማስታወሻ እንጂ ላላጠና ሰው ምንም አይናገሩም። ስለዚህ የድጓ ተማሪ አኵፋዳውን አንግቶ፣ ቍራሽ እየለመነ፣ ሌሊት ከመምህሩ ዘንድ እየቀጸለ ዓመታት ይቆያል። በጋይንት ወዳለችው ወደ ቤተ ልሔም ወርዶ እስኪያስመሰክር ድረስም ስንት ጊዜ ይሳሳታል፤ ስንት ጊዜስ ይታረማል!

ዛሬም ብዕር ጨብጦ ቃል የጠፋበት፣ ክራር አንሥቶ ጣቱ አልታዘዝ ያለው ወጣት ወፎቹ ስለ ዘገዩበት አይዘን። ከዛፉ ሥር እስከ መቼ እንደሚቀመጥ ግን ራሱን ይጠይቅ። ያሬድ ወፎቹን ለመጠበቅ ከዚያ አልቈየም፤ ተነሥቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።